የአውሮፓ መኳንንት አርማ በቻይና ሳህን ላይ ምን ይሠራል?

የጥንት ዕቃ ጨረታዎችን በኢንተርኔት የሚከታተል ሰው አንድ ዓይነት ሳህን ደጋግሞ ያያል። ሳህኑ ነጭና ስስ ነው። ጠርዙ በአበባና በወርቅ ሐረግ ተከቧል። መሀሉ ላይ ጋሻ ተስሏል። ጋሻውን ግራና ቀኝ አንበሶች ደግፈውታል፤ ከሥሩ በላቲን የተጻፈ መፈክር አለ። መግለጫው ግን «ቻይና፣ 1740 ገደማ» ይላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ግራ ይጋባል። የአውሮፓ ባላባት አርማ ቻይና ድረስ ምን ወሰደው? መግለጫው ተሳስቶ ነው? ወይስ ዕቃው ፎርጅድ ነው?

ግራ መጋባቱ የዛሬ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ዊልያም ቻፈርስ የተባለ ስመ ጥር እንግሊዛዊ የሸክላ አጥኚ እነዚህ ሳህኖች ሎስቶፍት በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ እንደተሠሩ ጽፎ ነበር። ሎስቶፍት ውስጥ በእርግጥም ትንሽ የሸክላ ፋብሪካ ነበረ። የሚያመርተው ግን ሌላ ዓይነት ሸክላ ነው። ስሕተቱ ሥር ሰደደ። የሎስቶፍት ስም ለረጅም ጊዜ በሳህኖቹ ላይ እንደተለጠፈ ቆየ። እነሱን የቀረጹና የሳሉ ቻይናውያን ባለሙያዎች የድካማቸውን ምስጋና ተቀሙ ማለት ነው። ይህ ማብራሪያ ስለ ሳህኖቹ ባለቤቶች ብቻ ሳይሆን ስለ እነዚያ ባለሙያዎችም ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባለ አርማ ፖርሰሊን ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለት ነገሮችን ለይተን እንይ፤ አርማውንና ፖርሰሊኑን።

አርማ በአውሮፓ የተጀመረው በ12ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ፈረሰኛ ተዋጊ ከራስ ቁር እስከ እግሩ ብረት ለብሶ ሲወጣ ማን እንደሆነ አይታወቅም። ስለዚህ ጋሻው ላይ የራሱን ቀለምና ምልክት ይስላል። ውሎ አድሮ ምልክቱ ከአባት ለልጅ የሚተላለፍ ውርስ ሆነ። ከጦር ሜዳም ወጥቶ ማኅተም፣ የቤት በር፣ ሠረገላና የብር ዕቃ ላይ መታተም ጀመረ። እንግሊዝ ውስጥ የአርማ ጉዳይ የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው በ1484 ነው። ዛሬም ለንደን ውስጥ ሥራው ላይ ነው።

ሙሉ አርማ ብዙ ክፍሎች አሉት። መሀሉ ላይ ጋሻው አለ። ከጋሻው በላይ የራስ ቁር፣ ከቁሩ በላይ ደግሞ ትንሽ ምልክት ይኖራል፤ የወፍ ራስ ወይም ሰይፍ የያዘ ክንድ ሊሆን ይችላል። ከሥር መፈክር አለ። ከፍ ያለ ማዕረግ ላላቸው ሰዎች ጋሻውን ግራና ቀኝ የሚደግፉ እንስሳት ወይም ሰዎች ይጨመራሉ።

ፖርሰሊን ደግሞ ከተራ ሸክላ የተለየ ነው። ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈርና ተፈጭቶ ከሚልም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይሠራል። እቶን ውስጥ ገብቶ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲጠበስ ሁለቱ ተዋሕደው እንደ መስታወት ይጠነክራሉ። የተገኘው ነገር ነጭ ነው፤ ውኃ አይመጥም፤ ጣት ሲያንኳኳው እንደ ደወል ይጮኻል። ስስ ከሆነ ብርሃን ያሳልፋል።

ባለ አርማ ፖርሰሊን ማለት እንግዲህ አንድ ቤተሰብ የራሱን አርማ አስይዞ በትዕዛዝ ያሠራው የገበታ ዕቃ ነው። ዛሬ ለሰርግ የሙሽሮቹ ስም የታተመበት ብርጭቆ እንደሚታዘዘው ማለት ነው። ልዩነቱ ያኛው ትዕዛዝ የግማሽ ዓለም ባሕር ተሻግሮ ሄዶ፣ ያንኑ ባሕር ተሻግሮ የሚመለስ መሆኑ ነው።

አውሮፓውያን ራሳቸው ለምን አልሠሩትም?

አያውቁበትም ነበር። ቻይናውያን ፖርሰሊን ከሠሩ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ እንኳ አውሮፓ ውስጥ ምስጢሩን የደረሰበት ሰው አልነበረም። ጣሊያኖችና ሌሎችም ነጭ ልባጥ የተቀባ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ግን ወፍራም ነው፤ ቶሎ ይላጣል፤ ልባጡ ሥር ያለው አፈር ቀይ ወይም ቡና ዓይነት ነው።

ፍላጎቱን ያናሩ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሻይ፣ ቡናና ቸኮሌት አውሮፓ ገቡ። ትኩስ መጠጥ በብር ዋንጫ ቢቀርብ ከንፈር ያቃጥላል። ፖርሰሊን ግን ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ሉዊ 14ኛ ለጦርነት ገንዘብ ሲያጥረው በ1689 የብር ዕቃ እየቀለጠ ሳንቲም እንዲሆን አዘዘ። በ1709ም እንዲሁ ሆነ። ብሩን ያጣ መኳንንት ገበታውን በሸክላ መሙላት ነበረበት። በዚያ ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የግብዣ ሥርዓቱ ተቀየረ። የሾርባ ማቅረቢያው፣ ትሪው፣ ሳህኑና የወጥ ማቅረቢያው ሁሉ በአንድ ንድፍ መሠራቱ ክብር ሆነ። እንዲህ ዓይነቱን በመቶ የሚቆጠር ተመሳሳይ ዕቃ ሠርቶ የማድረስ አቅም ያላት ቻይና ነበረች።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ የማን ነው?

የፖርቱጋሎች ነው። ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰው በ1498 ነው። የፖርቱጋል ሰዎች ቻይና ዳርቻ የረገጡት ደግሞ በ1513 ነው። ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ፣ በ1520 ገደማ፣ የንጉሥ ማኑዌል ቀዳማዊ ምልክት ያለባቸው ሰማያዊና ነጭ ማንቆርቆሪያዎች ተሠሩ። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት የአውሮፓ ምልክት ካለባቸው የቻይና ፖርሰሊኖች ሁሉ ቀዳሚዎቹ እነሱ ናቸው።

ይህ ማኑዌል ለእኛ ታሪክ እንግዳ አይደለም። ንግሥት እሌኒ የላኩት ማቴዎስ በ1514 ሊዝበን የደረሰው እሱ ዘንድ ነው። በ1520 ምጽዋ ወርዶ ወደ ዐፄ ልብነ ድንግል የመጣውን መልእክተኛ የላከውም እሱ ነው። አንድ ንጉሥ በአንድ ወቅት መልእክተኛውን ወደ ሸዋ፣ ምልክቱን ወደ ቻይና እቶን ልኳል ማለት ነው።

ከፖርቱጋል በኋላ የሆላንድ፣ የእንግሊዝ፣ የስዊድንና የሌሎችም ኩባንያዎች ተከተሉ። የእንግሊዙ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በ1600፣ የሆላንዱ በ1602፣ የስዊድኑ በ1731 ተቋቋሙ። ትዕዛዙ ጎርፍ የሆነው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 19ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ የእንግሊዝ ቤተሰቦች ብቻ ያዘዟቸው ባለ አርማ የገበታ ስብስቦች ወደ 4 ሺህ ይጠጋሉ። አንዱ ስብስብ በመቶዎች የሚቆጠር ዕቃ ሊኖረው ይችላል።

ያዘዙት ሁሉ መሳፍንት አልነበሩም። ብዙዎቹ የኩባንያው ሹማምንት፣ የመርከብ አዛዦችና ባለጸጋ ነጋዴዎች ነበሩ። ከንግዱ ጋር ቅርበት ስለነበራቸው ማዘዙ ቀላል ሆነላቸው። ከመካከላቸው በሕግ ያልተመዘገበ አርማ የተጠቀሙም አልጠፉም።

ትዕዛዙ እንዴት ሄዶ እንዴት ይመለስ ነበር?

ነገሩ የሚጀምረው ከወረቀት ነው። አዛዡ የአርማውን ሥዕል ያሠራል። ወይም ደግሞ መጽሐፉ የማን እንደሆነ ለመግለጽ ከሽፋኑ ውስጥ የሚለጠፈውን ባለ አርማ ወረቀት ይልካል። ወረቀቱን የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ የመርከቡ አዛዥ ወይም በመርከቡ ላይ ያለው የንግድ ኃላፊ ነው። ኩባንያው በጅምላ የሚያመጣው ሻይ፣ ሐርና ተራ ፖርሰሊን ነበር። ባለ አርማው ግን በአብዛኛው የሚመጣው መርከበኞች ለግል ንግድ በተፈቀደላቸው ቦታ ነው።

መርከቡ አፍሪካን ዞሮ፣ የህንድ ውቅያኖስን አቋርጦ፣ የዝናብ ነፋሱን ጠብቆ ካንቶን ይደርሳል፤ የዛሬዋ ጓንግዡ ማለት ነው። ጉዞው ግማሽ ዓመት ገደማ ይፈጃል። በካንቶን የአውሮፓ ነጋዴዎች ከወንዙ ዳር ከተከለለላቸው ሠፈር መውጣት አይፈቀድላቸውም ነበር። ግዢው ሁሉ የሚካሄደው መንግሥት በፈቀደላቸው የቻይና ነጋዴዎች በኩል ነው።

ሳህኑ ግን ካንቶን አይሠራም። የሚሠራው በስተሰሜን ርቃ በምትገኘው ጂንግዴዠን ነው። ይህች ከተማ ለዘመናት ሥራዋ ፖርሰሊን ብቻ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እዚያ የኖሩት ፈረንሳዊው ሚሲዮናዊ አባ ዳንትረኮል በ1712 በጻፉት ደብዳቤ አንድ ዕቃ ተሠርቶ እስኪያልቅ በ70 ሠራተኞች እጅ እንደሚያልፍ ተናግረዋል። አንዱ አፈሩን ያቦካል። ሌላው ቅርጽ ያወጣል። ሦስተኛው ጠርዙን ያስተካክላል። ሥዕሉ እንኳ ተከፋፍሎ የሚሠራ ነበር።

አርማው በሰማያዊ የሚሳል ከሆነ ጂንግዴዠን ውስጥ ይጠናቀቃል። ሰማያዊው ቀለም ጥሬው ሳህን ላይ ተቀብቶ ልባጥ ከለበሰ በኋላ አብሮ ይጠበሳልና። አርማው ብዙ ቀለም ካለው ግን ሌላ መንገድ አለ። ነጩ ሳህን በጀልባ ይጫናል፤ ተራራ ሲያጋጥም በሸክም ያልፋል፤ እንደገና በወንዝ ወርዶ ካንቶን ይገባል። እዚያ የሚገኙ ሠዓሊዎች ከልባጡ በላይ ኢናሜል በሚባል መስታወት መሰል ቀለም ይስሉበታል። ከዚያ ዝቅ ባለ ሙቀት ሁለተኛ ጊዜ ይጠበሳል። በተለይ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ዋናው አሠራር ይህ ሆነ።

ዕቃው ሲመለስ የሚጫንበት ቦታም የራሱ ምክንያት አለው። ፖርሰሊን ከባድ ነው፤ ውኃም አይጎዳውም። ስለዚህ ከመርከቡ ሆድ ሥር ተደርድሮ ሚዛን ይጠብቃል። ውኃ የማይወደው ሻይ ከላዩ ይጫናል። ይህ ምን ያህል እውነት እንደሆነ በአንድ አደጋ ታይቷል። ጌልደርማልሰን የተባለች የሆላንድ መርከብ በጥር 1752 ከካንቶን ስትመለስ ደቡብ ቻይና ባሕር ውስጥ ሰጠመች። ከ230 ዓመት በላይ አልፎ በ1985 ጠላቂዎች ሲያገኟት 150 ሺህ ገደማ የፖርሰሊን ዕቃ ወጣ። ብዙው ታጥቦ ገበታ ላይ ሊቀርብ የሚችል ነበር።

ከትዕዛዝ እስከ ርክክብ ሁለት ዓመት መጠበቅ የተለመደ ነው። አንዳንዴ ከዚያም ያልፋል። የስዊድኗ ዮተቦሪ መርከብ በመስከረም 1745 ከካንቶን ተመልሳ፣ አገሯ ወደብ አፍ ላይ ደርሳ፣ ከዓለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ዕቃቸውን ሲጠብቁ የቆዩ ሰዎች ከባሕሩ ዳር ሆነው ሊያዩአት በሚችሉበት ርቀት ላይ ነበረች።

ሠዓሊዎቹ የማያውቁትን ነገር እንዴት ሳሉት?

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ጥያቄ ይህ ነው።

የካንቶን ሠዓሊ የላቲን ፊደል አያነብም። ጋሻ ላይ ያለው ምልክት የማን እንደሆነ አያውቅም። አዛዡን በሕይወቱ አያየውም። የተሰጠው አንድ ወረቀት ነው። እሱንም መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ፣ አንድም ሳይለያይ መድገም አለበት። ጉድጓዳ በሆነው የሾርባ ማቅረቢያ ላይም፣ ከእጅ መዳፍ ባነሰች የጨው ማቅረቢያ ላይም ያው አርማ መውጣት አለበት።

ሥራው ይህን ያህል ከባድ ሆኖ ሳለ ቀለሞቹ ደግሞ ሲቀቡ አንድ፣ ሲጠበሱ ሌላ ናቸው። ሠዓሊው የሚቀባውን ሳይሆን ከእሳት የሚወጣውን እያሰበ ነው የሚሠራው። በ1720ዎቹ የተስፋፋው ያ ለስላሳ ሮዝ ቀለም የሚገኘው ከወርቅ ነው።

በ1769 ዊልያም ሂኪ የተባለ እንግሊዛዊ ከነዚህ የሥዕል ቤቶች አንዱን ጎብኝቶ ነበር። በአንድ ረጅም አዳራሽ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ተደርድረው ሲሠሩ እንዳየ ጽፏል። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉ ሽማግሌዎች ነበሩ። የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆችም ነበሩ። ሳህኖቹ ላይ ስማቸው የለም። የሚታወቀው ያዘዘው ቤተሰብ ስም ነው።

ስለ ስሕተቶቻቸው ግን ብዙ ተወርቷል። ከመጀመሪያዎቹ የፖርቱጋል ዕቃዎች መካከል ንጉሣዊው ጋሻ ተገልብጦ የተሳለባቸው አሉ። «ይህ ቀይ ይሁን» የሚለው ማሳሰቢያ ራሱ ሳህኑ ላይ ተስሎ መጣ የሚሉ ታሪኮችም በሰብሳቢዎች ዘንድ ይወራሉ።

ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የመስመሮቹ ነገር ነው። አውሮፓ ውስጥ አርማ በጥቁርና ነጭ ሲታተም ቀለሙን የሚናገሩ መስመሮች ይደረጉበታል። ቀጥ ብለው የወረዱ መስመሮች ቀይ ማለት ናቸው። አግድም የተሰመሩት ሰማያዊ ናቸው። ነጠብጣብ ወርቅ ነው። ምንም የሌለበት ብር ነው። ይህን ምልክት የሚያውቅ ሰው ወረቀቱን አይቶ ሙሉውን ቀለም በአእምሮው ያያል። ያልነገሩት ሠዓሊ ግን መስመሩን መስመር አድርጎ ነው የሚያየው። ስለዚህ ሰማያዊ መሆን የነበረበት ጋሻ በቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ተሞልቶ ይመጣል። ሳህኑን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው መስመሮቹ ምን ያህል እኩልና ቀጥ ያሉ እንደሆኑ ሲመለከት ይደነቃል። ሠዓሊው የተሰጠውን አንዲት ጭረት ሳያጎድል ገልብጧል። የጎደለው ነገር የላኪው ማብራሪያ ነው።

በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩት ሳህኖች ውስጥ እንዲህ ያለው ስሕተት ጥቂት ነው። መጻሕፍት ስሕተቱን ማንሣት ይወዳሉ። በትክክል የተሠራው ብዙው ግን ይታለፋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም።

ትክክለኛው ሥራ ምን ይመስል እንደነበር ለማየት የኦክኦቨር ቤተሰብን ሳህን መመልከት ይበቃል። ሊክ ኦክኦቨር የተባለ የስታፎርድሻየር ባላባት በ1740 ገደማ ያሠራው ነው። ወደ ካንቶን የተላከው ባለ ቀለም ንድፍ ከነማሳሰቢያው ተርፏል፤ ሥዕሉ ሲያበቃ እንዲመለስለት ጠይቆ ነበር፤ ተመልሶለታል። በዚህ ምክንያት ዛሬ ንድፉንና ሳህኑን ጎን ለጎን አድርጎ ማነጻጸር ይቻላል። መሀሉ ላይ የባልና ሚስቱ የተጣመረ አርማ አለ። ዙሪያውን እንደ ቅጠል የሚጥመለመል ጌጥ ከብቦታል። ጠርዙ ላይ የሁለቱ ስሞች መጀመሪያ ፊደላት ተቆላልፈው ተስለዋል። የካንቶኑ ሠዓሊ የንድፉን ጥላና ብርሃን ሳይቀር አውጥቶታል። የአንዱ ሳህን ዋጋ 1 ፓውንድ አካባቢ ነበር፤ በዚያ ዘመን ለአንድ ሳህን ከባድ ገንዘብ ነው።

ሳህን ላይ የሚሳለው አርማ ብቻ ነው?

አይደለም። አንዳንዱ የአንድን ሰው ታሪክ ይዞ ይመጣል። ምርጡ ምሳሌ የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ የጆርጅ አንሰን ነው።

አንሰን ዓለምን ሲዞር አብዛኛው ሰው በበሽታና በምግብ እጦት አለቀበት። የተረፉትን ያቆማቸው ቲኒያን የምትባል የፓስፊክ ደሴት ላይ ያገኙት የዳቦ ፍሬ ዛፍና ኮኮነት ነው። በሰኔ 1743 ብር የጫነች የስፔን መርከብ ማረከና ካንቶን ገባ። እዚያ ሳለ ከተማዋ ላይ እሳት ተነሣ፤ የእሱ መርከበኞች በማጥፋቱ ተረባረቡ። የአውሮፓ ነጋዴዎች በምስጋና ይህን የገበታ ዕቃ እንዳበረከቱለት ይነገራል።

ሳህኑ መሀል ላይ ያ የዳቦ ፍሬ ዛፍ ቆሟል። ከጎኑ ኮኮነቱ አለ። የአንሰን አርማ ከላይ ጠርዙ ላይ ነው። በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ ሁለት ዓይነት መልክዓ ምድር ይታያል፤ አንዱ የእንግሊዝ ፕሊመዝ ወደብ፣ ሌላው የካንቶን ወንዝ። ዛፎቹ የተሳሉት አብሮት የተጓዘ መኮንን ከነደፋቸው ሥዕሎች ነው። የካንቶኑ ሠዓሊ ፕሊመዝን አይቶ አያውቅም። የራሱን ወንዝ ግን በየቀኑ ያየው ነበር። ዕቃው ዛሬ በእንግሊዝ፣ ሹግቦሮው በተባለው የአንሰን ቤተሰብ መኖሪያ ይታያል።

አውሮፓ ምስጢሩን ስታገኝ ምን ሆነ?

የሳክሶኒው ገዥ አውግስጦስ ኃያሉ በፖርሰሊን ፍቅር የተያዘ ሰው ነበር። በ1717 ለፕሩሲያ ንጉሥ 600 ፈረሰኛ ወታደሮች ሰጥቶ 151 የቻይና ፖርሰሊን ተቀብሏል። ይህ ተረት አይደለም። ወታደሮቹ የሰው ልጆች መሆናቸውን እያሰቡ ማንበብ ከባድ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ምስጢሩ በራሱ አገር ተገኝቶ ነበር። ወርቅ እሠራለሁ ብሎ የታሠረው ዮሐን ፍሪድሪሽ ቦትገር ከሳይንቲስቱ ቺርንሃውስ ጋር ሆኖ በ1708 ነጩን ፖርሰሊን አገኘ። በ1710 የማይሰን ፋብሪካ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ለአውሮፓ መኳንንት አርማ የሚስል ባለሙያ በቅርባቸው ተገኘላቸው።

የማይሰን ታላቁ ሥራ የሳክሶኒው ሹም የካውንት ሃይንሪሽ ፎን ብሩል የገበታ ዕቃ ነው። ከ1737 እስከ 1742 ተሠራ። ከ2,200 በላይ ዕቃዎች ነበሩት። የሳህኑ ገጽ እንደ ባሕር ዛጎል ተሸንሽኗል። በላዩ ላይ ቀለም ሳይነካቸው በጭቃው ብቻ ጎልተው የወጡ ዝይ መሰል ነጭ የውኃ ወፎች ይዋኛሉ። ጠርዙ ላይ የብሩልና የባለቤቱ የኮሎቭራት ቤተሰብ አርማዎች ጎን ለጎን በትንሹ ተስለዋል። አብዛኛው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ ተሰባብሮና ተዘርፎ አለቀ። የተረፈው በየሙዚየሙ ተበትኗል።

የማይሰን ዕቃ ውድ ስለነበር የቻይናው ትዕዛዝ አልቆመም። ሁለቱ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ጎን ለጎን ሄዱ።

ታዲያ ለምን ቀረ?

አንድ ቀን የቆመ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ ዌጅውድና ሌሎች ፋብሪካዎች ርካሽና ጥራት ያለው የገበታ ዕቃ ማምረት ጀመሩ። ቀጥሎ የአጥንት አመድ የተቀላቀለበት የእንግሊዝ ፖርሰሊን መጣ። የእንግሊዝ መንግሥት ከውጭ በሚገባው ላይ ቀረጥ ከፍ አደረገ። የእንግሊዙ ኩባንያ በ1791 የፖርሰሊን ጅምላ ግዢውን አቆመ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ አብዮቱ በሰኔ 1790 የባላባት ማዕረግንና አርማን በሕግ ሰረዘ። አርማ መያዝ ከተከለከለ ባለ አርማ ሳህን ማን ያዝዛል?

ገበያው ሙሉ በሙሉ ግን አልጠፋም። አዲሷ አሜሪካ መጣች። በ1786 ጆርጅ ዋሽንግተን በነጻነት ጦርነቱ የተዋጉ መኮንኖች ያቋቋሙት የሲንሲናቲ ማኅበር ንስር ምልክት ያለበት 302 ዕቃ በ150 ዶላር ገዝቷል። ንጉሥን የጣለ ሰው የባላባቶችን ልማድ ግን ወርሷል።

አርማውን አይቶ ዘመኑን ማወቅ ይቻላል?

በጣም ይቻላል። ባለ አርማ ፖርሰሊን ለታሪክ አጥኚ ውድ የሆነው በዚህ ነው። ተራ የቻይና ሳህን «18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ» ከመባል ላያልፍ ይችላል። አርማ ያለበት ግን አንዳንዴ በጥቂት ዓመታት ልዩነት ይታወቃል።

ምክንያቱ ጋብቻ ነው። ሰው ሲያገባ ጋሻው ቁልቁል ለሁለት ይከፈላል፤ በአንዱ ወገን የባል፣ በሌላው የሚስት ቤተሰብ አርማ ይገባል። ሚስቱ ወንድም የሌላት ወራሽ ከሆነች አርማዋ ትንሽ ጋሻ ሆኖ በባሏ ጋሻ መሀል ይቀመጣል። ባል የሞተባት ወይም ያላገባች ሴት ከሆነች ደግሞ ጋሻው በዳይመንድ ቅርጽ ይተካል። እንግዲህ ሠርጉ 1733 ከሆነና ሚስቱ በ1741 ከሞተች፣ ሁለቱን አርማ የያዘው ሳህን በዚያ መሀል ታዝዟል ማለት ነው። የጠርዙ ጌጥም በየዐሥር ዓመቱ ስለሚቀያየር ያረጋግጠዋል። አርማ የሌላቸው ሳህኖች ዕድሜ የሚገመተው ደግሞ ከነዚህ ጋር በማመሳሰል ነው።

ፎርጅዱንስ በምን ይለዩታል?

ከ1845 ጀምሮ ፓሪስ ውስጥ ሳምሶን የተባለ ድርጅት የጥንት ሸክላዎችን አስመስሎ ይሠራ ነበር፤ ባለ አርማውን የቻይና ፖርሰሊን ጨምሮ። ሥራው ጥሩ ነው። ለዚህም ነው ዛሬ ብዙ ሰው የሚያሳስተው። ሌላው ዘዴ እውነተኛ አሮጌ ሳህን ወስዶ ዋጋው እንዲጨምር አርማ መሳል ነው። ይህኛው ይበልጥ ያስቸግራል፤ ሳህኑ የእውነት የቻይና ነውና።

መጀመሪያ የሚታየው ሳህኑ ተገልብጦ ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቻይና ሳህን የቆመበት ቀለበት ልባጥ የለውም፤ ራቁቱን ነው፤ ብዙ ጊዜም ዳር ዳሩ ላይ ዝገት የመሰለ ቡናማ መልክ ይይዛል። ገጹ ላይ ደግሞ ቢላና ሹካ የተወው ጭረት ይፈለጋል። ሁለት መቶ ዓመት ቆይቶ ኢናሜሉ ትናንት የተቀባ ከመሰለ ጥያቄ ያስነሣል። አርማው በኋላ የተጨመረ ከሆነ ሳህኑ እንደገና እሳት ገብቷል። በዘመናት ውስጥ ልባጡ ውስጥ የሠረገው እድፍ ያኔ ይቃጠልና ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ጥሎ ይቀራል።

ከዚያ ጋሻው ይነበባል። ባልና ሚስቱ የተጋቡት በ1730 ሆኖ የጠርዙ ጌጥ የ1780 ከሆነ፣ ሻጩ የሚያሳየው ወረቀት ምንም ቢል ገንዘብ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት ለአርማና ለሸክላ ባለሙያ ማሳየት ያስፈልጋል።